ፎርም የያዘውን ሰውዬ ተመልከቱት

እንደምን አመሻችሁ። እስከ መጨረሻው ስለቆያችሁ አመሰግናለሁ። አሁን አብረን ያየነው «ዲስትሪክት ናይን» ለማየት የሚከብድ ፊልም ነው። ደሙ ብዙ ነው፣ ጩኸቱም ብዙ ነው። አንዳንዶቻችሁ ስትወጡ ስለ መርከቧና ስለ መሣሪያዎቹ እንደምታወሩ እገምታለሁ። እኔ ግን ማውራት የምፈልገው ስለ አንድ ሰውዬ ነው። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን ዘግቶ፣ ፎርም ይዞ ከቤት ቤት እየዞረ በር ስለሚያንኳኳው ሰውዬ። ስለ ቪከስ።

ከሌላ ዓለም ስለመጡ ስደተኞች የተሠሩ ፊልሞችን ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። እያደር አንድ ነገር ጠርቶልኛል። ባዕዱን ፍጡር በደንብ ለማወቅ ብላችሁ ካያችኋቸው ብዙም አታገኙም። ተቀባዩን ሕዝብ ለማወቅ ካያችኋቸው ግን ብዙ ነገር አላቸው። ዛሬ የምነግራችሁ ይህንኑ ነው። ጎንደር ላይ ሆነን ስናያቸው ደግሞ ለምን የተለየ ነገር እንደሚናገሩ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኞቹ የባዕድ ፍጡራን ፊልሞች የወረራ ፊልሞች ናቸው። መርከብ ትመጣለች፣ ከተማ ይጋያል፣ ጀግና ይነሣል፣ ጠላት ይመታል። ሁሉም በሁለት በሦስት ቀን ያልቃል። የስደተኛ ፊልም ግን የሚጀምረው አቀባበሉ ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ ፊልም መርከቧ ጆሃንስበርግ ሰማይ ላይ የቆመችው በ1982 ነው። ሦስት ወር ሙሉ ማንም አልወጣም። ሰዎች ራሳቸው ቀደው ሲገቡ ረሃብ የጎዳው ሕዝብ አገኙ። ዓለም ሁሉ እያየ ነበርና እርዳታ መጣ፣ መጠለያ ተዘጋጀ። ታሪኩ ግን የሚነሣው ከዚያ ከ28 ዓመት በኋላ ነው። መጠለያው የቆርቆሮ ሰፈር ሆኗል። ዙሪያው ታጥሯል። የከተማው ሰው ታክቶታል። «ይሂዱልን» ይላል። የት እንደሚሄዱ ግን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእኛ አገር መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «የመሸብን እንግዶች ነን» ይላል። ይገባል። እግሩ ይታጠባል፣ ቤት ያፈራው ይቀርብለታል፣ መደቡ ይለቀቅለታል። ጎንደሬ በዚህ ይኮራል፣ ሊኮራም ይገባዋል። ነገር ግን ያ ሥርዓት ለአንድ ሌሊት እንግዳ የተሠራ ነው። ጠዋት ተነሥቶ፣ መርቆ ለሚሄድ ሰው። የማይሄደውስ? በዓመቱም በአምስት ዓመቱም እዚያው ያለው፣ ልጅ ወልዶ እዚያው የሚያሳድገውስ? ደግነታችን የሚፈተነው እዚያ ላይ ነው። የወረራ ፊልም ይህን ጥያቄ አያውቀውም። የስደተኛ ፊልም ከዚህ ጥያቄ በቀር ሌላ ጉዳይ የለውም።

አሁን ወደ ቪከስ እንመለስ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ሚስቱን ይወዳል። የሥራ ባልደረቦቹን ይቀልዳቸዋል። ዕድገት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ሥራው 1.8 ሚሊዮን ፍጡራንን ከከተማው አስወጥቶ ራቅ ወዳለ ካምፕ ማዛወር ነው። ሕግ አለ፣ ማስጠንቀቂያ ደርሷቸው መፈረም አለባቸው። ስለዚህ ፎርም ይዞ ይሄዳል። አንዱ ተናዶ ፎርሙን በእጁ ሲመታው ወረቀቱ ላይ ምልክት ይቀራል። ቪከስ ያንን እንደ ፊርማ ይቆጥረዋል። ክሪስቶፈር የተባለው ባዕድ ግን ወረቀቱን ያነበዋል። ሕጋዊ አይደለም ብሎ አልፈርምም ይላል። ያን ጊዜ ቪከስ ድምፁን ሳያነሣ ልጅህን እናስወስድብሃለን ይለዋል። ቤቱ ለሕፃን አይመችም፣ ደኅንነቱን የሚከታተል መሥሪያ ቤት አለ ይላል።

ይህን ትዕይንት ደግማችሁ እዩት። እኔን ከተኩሱ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው። በውስጡ የተሰደበ የለም፣ የተመታ የለም። አሠራር ብቻ ነው ያለው። ሕፃንን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ አባትን ማስፈራሪያ ሆነ። ከዚያ ደግሞ የፍጡራኑ እንቁላሎች ያሉበት ጎጆ ሲቃጠል ቪከስ ለካሜራው እየሣቀ ያስረዳል፤ የሚሰማው ድምፅ እንደ ፈንዲሻ ነው ይላል። ያ ሣቅ ጭካኔ መስሎ አይሰማውም። የሥራ ቀን ነው። ቢሮ ተቀምጣችሁ ባለጉዳይ አስተናግዳችሁ የምታውቁ ይህን ሣቅ ታውቁታላችሁ። ባለጉዳይ ሆናችሁ የተሰለፋችሁም እንዲሁ።

ፊልሙን የሠራው ኒል ብሎምካምፕ ነው፤ ጆሃንስበርግ ተወልዶ ያደገ ሰው። ፕሮዲውሰሩ ፒተር ጃክሰን ነበር። በ2009 ወጣ። ለሆሊውድ ትንሽ በሚባል ገንዘብ፣ በ30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ ምርጥ ፊልምን ጨምሮ ለአራት ኦስካር ታጨ። ቪከስን የተጫወተው ሻርልቶ ኮፕሊ ከዚያ በፊት ትልቅ ፊልም ላይ ተውኖ አያውቅም።

የፊልሙ ስም ከየት እንደመጣ ደቡብ አፍሪካዊ ሁሉ ያውቃል። ኬፕታውን መሃል ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል ሰፈር ነበር። ጥቁሩ፣ ክልሱ፣ እስላሙ፣ ክርስቲያኑ፣ አይሁዱ ተደባልቆ የሚኖርበት። በየካቲት 1966 የአፓርታይድ መንግሥት ሰፈሩ የነጮች ብቻ ነው ብሎ አወጀ። ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ተነቅሎ ነፋስ ወደሚመታው ሜዳ፣ ኬፕ ፍላትስ ወደሚባለው ተወሰደ። ቤቶቹ በቡልዶዘር ፈረሱ። ቤተ ክርስቲያኖቹና መስጊዶቹ ብቻ ባዶ መሬት ላይ ቆመው ቀሩ። ቦታው ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሜዳ እንደሆነ ቆየ። ሰው ካስለቀቁ በኋላ የሚሠሩበት ነገር እንኳ አልነበራቸውም ማለት ነው።

ፊልሙ ውስጥ ያያችኋቸው የቆርቆሮ ቤቶችም ለካሜራ የተሠሩ አልነበሩም። ሶዌቶ ውስጥ ቺያዌሎ የሚባል ቦታ ያሉ የእውነት ቤቶች ናቸው። ነዋሪዎቻቸው ያን ጊዜ ወደ ሌላ መኖሪያ እየተዛወሩ ነበር። ቀረጻው የተካሄደበት 2008 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የውጭ ዜጎች የታረዱበት ዓመት ነው። ጥቃቱ በግንቦት ወር ከጆሃንስበርጉ የአሌክሳንድራ ሰፈር ተነሥቶ በየከተማው ተዛመተ። 62 ሰው ሞተ። ከሟቾቹ 21ዱ ደቡብ አፍሪካውያን ነበሩ። አስቡት፤ ባዕድ ለማባረር የወጣ ሰው ሦስት ሲገድል አንዱ የገዛ ወገኑ ነበር። ባዕዱን ለይቶ የሚያሳይ መልክ የለም ማለት ነው። የሚለየው ዱላ የያዘው ሰው ነው።

ኢትዮጵያውያንም እዚያ አሉ። ጆሃንስበርግ ጄፔ ጎዳና ላይ ሕንፃ ሙሉ ሱቅ ከፍተዋል፤ በየታውንሺፑ፣ ማለት በየጥቁሮቹ ሰፈር፣ ትንንሽ ሱቅ ይሠራሉ። ሱቃቸው የተዘረፈባቸው፣ የተቃጠለባቸው፣ ሕይወታቸውም ያለፈ አለ። ስለዚህ ይህን ፊልም ስናይ በአጥሩ በሁለቱም በኩል የእኛ ሰው አለ። ይህን እያሰባችሁ ስሙኝ፣ ወደ ጎንደር ስመለስ ያስፈልገናል።

ፊልሙን እወደዋለሁ። ስለምወደውም የሚጎዳኝን ቦታ መናገር አለብኝ። ናይጄሪያውያኑን አያችኋቸው? ካምፑ ውስጥ መሣሪያ ይቸረችራሉ፣ ሴት ይሸጣሉ፣ የባዕዳኑን ሥጋ ለመድኃኒት ብለው ይበላሉ። የወንበዴዎቹ አለቃ ስም የቀድሞውን ፕሬዚዳንት የኦባሳንጆን ስም እንዲያስታውስ ተደርጎ ተሰጥቶታል። ተዋናዩ ራሱ ማላዊያዊ ነው። የናይጄሪያ መንግሥት ተቆጣ። በጊዜው የማስታወቂያ ሚኒስትር የነበሩት ዶራ አኩኒሊ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን እንዳያሳዩ አሳሰቡ፣ ይቅርታ እንዲጠየቁም ጠየቁ።

ሰዎች ይህን እንደ ትንሽ ነገር ያልፉታል። እኔ አላልፈውም። ፊልሙ ስለ ስደተኛ ነው የሚናገረው። በጆሃንስበርግ የእውነተኛው ሕይወት ስደተኞች ግን ናይጄሪያውያን፣ ዚምባብዌያውያን፣ ሶማሌዎች፣ እኛም ጭምር ነን። ብሎምካምፕ ከዚህ በፊት በሠራው አጭር ፊልም የመንገድ ሰዎችን ስለ ስደተኞች ጠይቆ፣ እነሱ ስለ ዚምባብዌ ሰዎች የተናገሩትን ስለ ባዕድ ፍጡራን የተነገረ አስመስሎ አስገብቶት ነበር። ከየት እንደተነሣ ጠንቅቆ ያውቃል። እንዲህ ሆኖ፣ በምናብ የተፈጠረው ስደተኛ ክብር አገኘ፣ አባት ሆነ፣ ሳይንቲስት ሆነ። እውነተኛው ስደተኛ ግን ጎዳና ላይ ስለ እሱ የሚወራውን ሁሉ ሆኖ ቀረበ። ለሩቁ ማዘን ከቅርቡ ይልቅ ይቀላል። ከሌላ ዓለም ለመጣ ማልቀስ ጎረቤትን ይቅር ከማለት ይቀላል።

እዚህ ላይ ስለ ቅኔ ማንሳት ግድ ይለኛል። እኛ ሰምና ወርቅ ባለበት አገር ነው ያደግነው። በደንብ የተቀኘ መምህር ሰሙን አያቃልለውም። ሰሙ ራሱን ችሎ መቆም አለበት፤ ለብቻው ሲነበብም ትርጉም ሊሰጥ ይገባል። በሳይንስ ልብ ወለድ ሰሙ ያ ሌላ ዓለም ነው፤ ምግቡ፣ ሰውነቱ፣ ሥርዓቱ። ወርቁ እኛ ነን።

በ1988 የወጣው «ኤሊየን ኔሽን» ሰሙ ጥሩ ነበር። ግርሃም ቤከር ነው ያዘጋጀው። 300 ሺህ ባሪያዎች የጫነች መርከብ ካሊፎርኒያ በረሃ ላይ ታርፋለች። ለከባድ ሥራ ተብለው የተዳቀሉ ፍጡራን ናቸው። አሜሪካ ከለይቶ ማቆያ ካምፕ አውጥታ ሎስ አንጀለስ ታሰፍራቸዋለች። የረጋ ወተት ያሰክራቸዋል። የባሕር ውሃ ያቃጥላቸዋል። መዝጋቢዎቹ ደግሞ ስም ሲሰጧቸው ይቀልዱባቸዋል። ፖሊስ የሆነው አንዱ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ጋር የሚመሳሰል ስም ተሰጥቶት ይኖራል። እንደገና ፎርም የያዘ ሰውዬ። ካሜራው እንኳ አላሳየንም፤ ግን የሆነ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሣቅ ብሎ ጻፈው። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ሣቅ ይጠራል።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዲህ የሞላ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሁለት ፖሊሶች ታሪክ ይውጠዋል። ጄምስ ካን የሚጫወተው ፖሊስ ያልወደደውን አዲስ ጓዱን ቀስ በቀስ ይወደዋል፣ ወንጀለኛው ይያዛል። ጥሩ ነው፣ ያዝናናል። ግን አንድ ሰው አንድ ስደተኛ ስለወደደ ከተማው ተለወጠ ማለት አይደለም። ፊልሙ የከተማውን ጥያቄ ለሁለት ሰዎች ጓደኝነት ሸጠው።

ከእነዚህ ሁሉ ልቤን የነካው ብዙ ሰው የማያውቀው ፊልም ነው። «ዘ ብራዘር ፍሮም አናዘር ፕላኔት»፣ 1984። ጆን ሴይልስ ከወጪው አንዱን ክፍል ከተሸለመው ገንዘብ አውጥቶ በ350 ሺህ ዶላር ገደማ ሠራው። መርከብ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጥቁር ሰው የሚመስል ፍጡር ኒውዮርክ፣ ኤሊስ ደሴት ላይ ይወድቃል። ድሮ በመርከብ የመጡ ስደተኞች የሚመዘገቡበት ሕንፃ ነው። ባዶ ነው። እሱ ግን ግድግዳውን ሲነካ እዚያ ያለፉትን ሰዎች ድምፅ ይሰማል። መናገር አይችልም። ጆ ሞርተን ፊልሙን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገር በዓይኑ ብቻ ይጫወተዋል። የሸሸ ባሪያ ነው። ሁለት አሳዳጆች ተከትለውታል፤ አንዱን ሴይልስ ራሱ ነው የሚጫወተው።

የኒውዮርክ ጥቁሮች ሰፈር ሃርለም ይገባል። መጠጥ ቤት ገብቶ ይቀመጣል። ደንበኞቹ ያዩታል፣ ይጠረጥሩታል፣ ይከራከሩበታል። ሰክሯል፣ ታሟል፣ ደንቆሮ ነው ይላሉ። ከዚያ ቀስ እያሉ ቦታ ይሰጡታል። ማደሪያ ይፈለግለታል። በእጁ ነክቶ ማሽን ይጠግናልና ሥራ ያገኛል። አሳዳጆቹ ሲመጡ ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ሰዎች አፋቸውን ይዘጋሉ። አንድ ቦታ ላይ ሙዚየም ውስጥ ቆሞ ውሻ የለቀቁበት የሸሸ ባሪያ ሥዕል ለአንድ ልጅ ያሳያል። ሥዕሉን ጠቁሞ ራሱን ይጠቁማል። ከዚያ ወደ ላይ ይጠቁማል።

እዚህ ፊልም ውስጥም ፎርም የያዘ ሰው አለ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነው፣ ከመጠጥ ቤቱ ደንበኞች አንዱ። ወረቀት የሌለውን ሰው ሥራ ያስይዘዋል፣ ቤት ያገኝለታል። ቪከስም ሠራተኛ ነው፣ ይሄም ሠራተኛ ነው። ሁለቱም ወረቀት ነው የያዙት። አንዱ ወረቀቱን ሰውን ለማስወጫ ይጠቀምበታል፣ ሌላው ለማስገቢያ። ስደተኛ የሚያገኘው አገር በትክክል ያን ጠረጴዛ ያህል ነው። የአገር ፖለቲካ ሁሉ፣ የተባበሩት መንግሥታት ሁሉ፣ የ1951 የስደተኞች ስምምነቱ ሁሉ ተጠቃልሎ አንድ ሰው ፊት ላይ ነው የሚደርሰው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ እኔም በከፊል እስማማበታለሁ። እነዚህ ፊልሞች ስደተኛውን ሌላ ፍጥረት በማድረጋቸው ዘረኛው የሚለውን አብረው አይሉም ወይ? ዘረኛው «እነሱ እንደኛ አይደሉም» ይላል። ፊልሙ መልሶ በእርግጥ ነፍሳት የሚመስል፣ የድመት ምግብ የሚበላ ፍጡር ያሳየናል። እና ውደዱት ይለናል። እውነተኛው ስደተኛ ግን እንደኛ ነው። እንጀራ ይበላል፣ ወይም የሱዳኑን ቂጣ ኪስራን ይበላል፣ ልጁ ትምህርት ቤት እንዲገባለት ይፈልጋል። አልፎንሶ ኩዋሮን በ2006 «ችልድረን ኦፍ ሜን»ን ሲሠራ ይህን ጭምብል አልፈለገውም። የወደፊቷን እንግሊዝ አሳየን፣ ስደተኞቹም ሰዎች ናቸው፣ በየጣቢያው ኬጅ ውስጥ የታጎሩ ሰዎች። ከባዕድ ፍጡር ይልቅ ያ ያስፈራል።

የተቃውሞው መልስ ግን ያለው እዚሁ ጎንደር ይመስለኛል። ሰውን ሌላ ፍጥረት ለማድረግ መርከብ አያስፈልግም። እኛ ያለ መርከብ አድርገነዋል።

በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ፣ ጻድቁ የሚባሉት፣ ጎንደር ላይ ጉባኤ አድርገው አዋጅ አወጡ። ፈረንጆች ከአገር ይውጡ፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር ይቀመጡ ተባለ። እስላሙ ወደ ቀሃ ወንዝ በኩል ወረደ፣ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው። የቤተ እስራኤሉ ሰፈር ደግሞ ስሙ እስካሁን አለ፤ ካይላ ሜዳ። በየቀኑ ታክሲ ላይ እንጠራዋለን። ከኬፕታውኑ አዋጅ 300 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ እዚሁ የምንኖርበት ከተማ ውስጥ።

የካይላ ሜዳው ሕዝብ ማን ነበር? ግንበኛ፣ አናጢ፣ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ። ጎብኚ አስከትለን ሄደን የምናሳየው ግንብ ላይ እጃቸው እንዳለበት የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ማረሻችንን የሚሠሩት እነሱ፣ ምጣዳችንን የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። እኛስ ምን አልናቸው? ቡዳ። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ። ዓይናቸው ይበላል፣ ልጅ አታሳዩአቸው። በሠሩት ምጣድ እንጀራ እየጋገርን ስለ እነሱ እንዲህ አልን። ቪከስን የሚያስንቅ ነው። የሆሊውድ ባለሙያ ባዕድ ፍጡር ለመሥራት ብዙ ኮምፒዩተር አስፈለገው። እኛ በወሬ ብቻ ሰውን ጅብ አድርገን ጨረስን። የሳይንስ ልብ ወለዱ ጭምብል ስለዚህ ውሸት አይመስለኝም። ጭምብሉ በተቀባዩ ዓይን ውስጥ ያለው ነው፤ ፊልሙ ያንን ዓይን አውጥቶ ስክሪን ላይ ይዘረጋዋል። «ይኸው፣ አንተ የምታየው ይህንን ነው» ይላል።

ይህን የምለው አያቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። እምነቱ አሁንም ስላለ ነው። ዛሬም በየቤቱ «የእነ እገሌ ዘር» ሲባል እንሰማለን። ጋብቻ ይፈርስበታል። ልጅ ሲታመም ማን እንዳየው ይጠየቃል።

ከዚያስ? ያው ሕዝብ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ድርቁና ጦርነቱ ሲብስ፣ በእግሩ ወደ ሱዳን ሄደ። ብዙው መንገድ ላይ ቀረ፣ ብዙው ካምፕ ውስጥ በበሽታ አለቀ። ከተረፉት ብዙዎቹ ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በስውር በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ክርስቲያኑም እስላሙም ጎንደሬ በዚያው መንገድ ሄዷል። ገዳሪፍ፣ ኡም ራኩባ፤ እነዚህ ስሞች ለእናንተ ወላጆች የካርታ ስሞች አይደሉም። ሱዳን ተቀበለችን። ድንኳን ሰጠችን፣ ማሽላ አበላችን። ኡም ራኩባ በ2020 እንደገና ተከፍቶ ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችንን አስጠግቷል።

አሁን መንገዱ ዞሯል። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሰዉ በመተማ በኩል ወደ እኛ መጣ። ሱዳናዊው መጣ፣ ካርቱም ይሠራ የነበረው የእኛው ሰው መጣ፣ የሌላ አገር ዜጋም መጣ። ኩመርና አውላላ መጠለያ ተከፈተ። በ2024 ከእነዚህ ስደተኞች ብዙዎቹ ደኅንነት አጣን ብለው ካምፑን ለቀው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ሰፍረው ነበር። በሰሜን በኩል ደግሞ ዳባት አጠገብ፣ አለም ዋጭ፣ ኤርትራውያን ስደተኞች አሉ። የራሳችን ተፈናቃዮችም በየትምህርት ቤቱና በየዘመዱ ቤት አሉ። ቤት ኪራይ ሲወደድ፣ ዳቦ ሲወደድ «እነሱ ናቸው ያስወደዱት» የሚለው ወሬ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ይሰማል። የቤት ኪራይ የወደደው በብዙ ምክንያት ነው። ወሬው ግን አንድ ምክንያት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቪከስ ላይ አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ከፍጡራኑ ጎጆ ያገኘው ጥቁር ፈሳሽ ፊቱ ላይ ከተረጨ በኋላ እጁ መለወጥ ይጀምራል። ብዙ ሰው «አሁን ሲደርስበት ገባው» ይላል። ደግማችሁ እዩት፤ አልገባውም። ክሪስቶፈር ልፈውስህ ሦስት ዓመት ይፈጅብኛል ሲለው ቪከስ ጭንቅላቱን መትቶ ጥሎት መርከቧን ሊነዳ ይሞክራል። ሰውነቱ ባዕድ ሆኗል፣ ልቡ አሁንም የመሥሪያ ቤቱ ነው። መከራ ሰውን በራሱ ደግ አያደርገውም። ይህን በደንብ የሚያሳይ ሌላ የዚህ ዓይነት ፊልም አላየሁም። ስደት ያየ ሕዝብ ሁሉ ለስደተኛ ያዝናል ብለን እናስባለን፤ ገዳሪፍ ያደገ ሰው መተማ ላይ ሱዳናዊውን በሁለት እጁ ይቀበላል ብለን። አንዳንዱ ያደርገዋል። አንዳንዱ ደግሞ «እኔ ያየሁትን ይይ» ይላል። ቪከስ በመጨረሻ ወታደሮቹን ሲያስቀር የወሰነው እጁ አይደለም። ራሱ ነው። ሊሸሽ ይችል ነበር።

ፊልም መሥራት ለምትፈልጉ ልጆች የምለው አለኝ። በጀት የለንም፣ መርከብ መሥራት አንችልም አትበሉ። በ2015 የወጣው «ክራምብስ» እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው የተቀረጸው። አዘጋጁ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ። ዳሎል አለበት፣ የተተወ የቦውሊንግ ቤት አለበት፣ ሰማይ ላይ ዝም ብላ የቆመች መርከብ አለች። በትንሽ ገንዘብ የእኛን መልክዓ ምድር ሌላ ፕላኔት አድርጎታል።

እኔ ግን የምመኘው ፊልም መርከብም የለውም። መተማ ላይ አንድ የመዝጋቢ ጠረጴዛ አለ። መዝጋቢው ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ነው፣ ልጅነቱ ኡም ራኩባ አልፏል። አረብኛ ይችላል፣ ግን እንደሚችል ለማንም አይናገርም። ተሰልፈው ከቆሙት አንዷ አሮጊት ድሮ ሰፈራቸው ውሃ ትሸጥ የነበረች ሴት ትመስለዋለች። እርግጠኛ አይደለም። ፎርሙ ላይ የሚሞላ ብዙ ቦታ አለ፣ ይህን የሚጽፍበት ቦታ ግን የለውም። ምን ያደርጋል? አስተርጓሚ እስኪመጣ ጠብቂ ይላታል ወይስ በቋንቋዋ ያናግራታል?

ይህን ስክሪፕት ለመጻፍ የሚፈልግ ካለ አብሬው ልሠራ ዝግጁ ነኝ። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፤ ብዙው ቁሳቁስ ቤታችሁ ነው ያለው። አሁን ማይኩን ለእናንተ ልስጥ። ስለ ናይጄሪያውያኑ ባልኩት የማይስማማ ሰው መጀመሪያ ቢናገር ደስ ይለኛል።